የፈረስ ጅማት ሲጎዳ፦ ማንከሱ ከጠፋ በኋላ ያሉት ወራት

ለዚህ ዕትም የተመረጡት አራት ደብዳቤዎች በግልቢያ ፈረስ ላይ ስለሚደርስ የጅማት ጉዳት የሚጠይቁ ናቸው። የመጀመሪያው ሰፊ መልስ ስለሚሻ አብዛኛውን ቦታ ወስዷል፤ የቀሩት መልሶችም በእሱ ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ በቅደም ተከተል ቢነበቡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላት፣ ለግልቢያና ለዝላይ የማሠለጥናት ባዝራ አለችኝ። ከስድስት ሳምንት በፊት ዝናብ ባራሰው ሜዳ ላይ ስጋልባት የፊት ግራ እግሯ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ተንሸራተተ። በዚያው ዕለት ምንም አላየሁባትም፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ከጉልበቷ በታች በስተኋላ በኩል ትኩስ እብጠት አገኘሁ፤ በሶምሶማ ስትሄድም ጭንቅላቷን ከፍ ዝቅ ታደርግ ጀመር። የእንስሳት ሐኪም በአልትራሳውንድ መርምረው ጅማቷ መሐሉ ላይ መጎዳቱን ነገሩኝና በበረዶ ማቀዝቀዝ፣ ፋሻ፣ የሕመም ማስታገሻና የጋጣ ዕረፍት አዘዙልኝ። በሦስተኛው ሳምንት እብጠቱ ጎደለ። አሁን ፈጽሞ አታነክስም፤ ለአጭር እርምጃ ሳወጣትም ለመሮጥ ትታገለኛለች። ሐኪሙ ግን ወደ ሙሉ ሥራ ለመመለስ ከስምንት እስከ አሥር ወር ይፈጃል ይላሉ። አብሮኝ የሚጋልብ ባልንጀራዬ «ካላነከሰች ድናለች፤ ጋልባት» ይለኛል። አንድ በዕድሜ የገፉ ፈረስ አዋቂ ደግሞ ቦታውን በጋለ ብረት ባስተኩሰው ጅማቱ እንደሚጠነክር መከሩኝ። ይህን ያህል ወር ለምን ያስፈልጋል? እስከዚያስ ምን እያደረግሁ ልቆይ?

መልስ፦ ሐኪምዎ የሰጡዎት ጊዜ የተጋነነ አይደለም፤ ባዝራዋ ለዝላይ የምትሠለጥን ከሆነ እንዲያውም ሐሳብዎን በአሥሩ ወር ላይ ያድርጉ። ባልንጀራዎ የሰጡዎት ምክር በቅን ልቦና የተሰጠ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን የጅማት ጉዳት ያለበትን ፈረስ ለሁለተኛ ጉዳት የሚዳርገው በአብዛኛው ይኸው ምክር ነው። ሕመሙ የሚጠፋበት ጊዜና ጅማቱ ጭነት መሸከም የሚችልበት ጊዜ በወራት ይራራቃሉ፤ ባዝራዎ ዛሬ ያለችው ልክ በሁለቱ መካከል ነው።

ከአገላለጽዎ እንደምገምተው የተጎዳው ሐኪሞች ሰስፐንሰሪ ሊጋመንት የሚሉት፣ እኔ በዚህ መልስ ተሸካሚው ጅማት የምለው ነው። በፊት እግር ላይ ከጉልበት ሥር፣ ከረጅሙ አጥንት የላይኛው ጫፍ በስተኋላ ይነሣና አጥንቱን ተጠግቶ ይወርዳል፤ ወደ ታች ሲቃረብ ለሁለት ይከፈልና ከቁርጭምጭሚቱ ጀርባ ባሉት ሁለት ትንንሽ አጥንቶች ላይ ይያያዛል። ዋና ሥራው ክብደት ሲያርፍበት ቁርጭምጭሚቱ ወደ መሬት እንዳይሰምጥ መያዝ ነው። ፈረስ በሙሉ ፍጥነት ሲጋልብ አንድ የፊት እግር ብቻውን መሬት የሚረግጥበት ቅጽበት አለ፤ በዚያ ቅጽበት እግሩ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከእንስሳው የሰውነት ክብደት ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። 500 ኪሎ ግራም በሚመዝን ፈረስ ላይ ይህ ከአንድ ቶን በላይ ነው። ጋጣ ውስጥ ስትቆም ወይም በዝግታ ስትራመድ እግሯን የሚያገኘው የዚህ ጥቂቱ ብቻ ስለሆነ፣ ገና ያልጠና ጅማት ይዛ ጤነኛ መምሰሏ ሊያስደንቅ አይገባም።

ጅማት ሲጎዳ ከውስጥ የሚካሄደው ነገር በሦስት ደረጃ ይገለጻል፤ ሆኖም ደረጃዎቹ አንዱ ሳያልቅ ሌላው እየጀመረ ይደራረባሉ። በመጀመሪያው ደረጃ ደም ይፈስሳል፣ ብግነት ይነሣል፤ ያዩት ሙቀት፣ እብጠትና ሕመም የዚህ ውጤት ነው፤ በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። በሁለተኛው ደረጃ ሰውነት የተበጠሱት ክሮች የተዉትን ክፍተት በአዲስ ሥጋ ይሞላዋል፤ ይህ አዲስ ሥጋ በብዛት የሚሠራው ሦስተኛው ዓይነት ከሚባለው ቀጭንና ደካማ ኮላጅን (የጅማት ክሮች የሚሠሩበት ፕሮቲን) ሲሆን፣ ክሮቹም በጭነቱ አቅጣጫ ሳይሰለፉ ወዲያና ወዲህ ተዘበራርቀው ይበቅላሉ። በሦስተኛው ደረጃ ደካማው ኮላጅን አንደኛው ዓይነት በሚባለው ጠንካራ ኮላጅን ቀስ በቀስ ይተካል፤ ክሮቹም ከላይ ወደ ታች መስመር ይይዛሉ። የተከመረ ቃጫ ካልተፈተለና ካልተገመደ ሸክም እንደማይስብ ሁሉ፣ ክፍተቱ መሞላቱ ብቻ ጅማቱን ለግልቢያ አያበቃውም። ወራቱን የሚበላው ይህ ሦስተኛው ደረጃ ነው፤ በአንዳንድ ፈረሶችም ከዓመት በላይ ይቀጥላል። ሲጠናቀቅም የተጠገነው ቦታ ጠባሳ ስለሆነ የቀድሞውን የመለጠጥ ችሎታ ሙሉ ለሙሉ አያገኝም፤ ስለዚህ ጠባሳው በተቻለ መጠን ትንሽና የተሰለፈ እንዲሆን መጣር ይገባል።

ክሮቹን የሚያሰልፋቸው የተመጠነ ጭነት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በሁለት በኩል ይሳሳታል፤ አንዱ ገና በሳምንታት ውስጥ ይጋልባል፤ ሌላው ደግሞ ፈረሱን ለስድስት ወር ጋጣ ውስጥ ዘግቶ ወይም መስክ ላይ ለቅቆ ከቆየ በኋላ በአንድ ቀን ኮርቻ ይጭናል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ካለፉ በኋላ ፍጹም ዕረፍት ጅማቱን አያጠነክረውም። መስክ ላይ መልቀቅም ዕረፍት አይባልም፤ አንድ ወፍ ካስደነገጠችው ፈረሱ በሙሉ ኃይሉ ይፈተለካል፤ ያንን ሩጫ ደግሞ ማንም አይመጥነውም። የሚፈለገው በየቀኑ የሚደረግ፣ በሰዓት የሚለካ፣ በሰው እጅ የተያዘ እርምጃ ነው።

የጋለ ብረቱን በተመለከተ ምክሩን የሰጡዎትን ሰው ማስቀየም አልሻም፤ ፈረስን መተኮስ በብዙ አገሮች ለዘመናት የኖረ፣ በሐኪሞች እጅ ጭምር ይሠራበት የነበረ ልማድ ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመው የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰፊ ጥናት መተኮስ የፈረስን የእግር ጅማት ፈውስ እንደማያፋጥንና እንደማያሻሽል አሳይቷል። ቃጠሎው የሚያርፈው ቆዳው ላይ ነው፤ ተሸካሚው ጅማት ግን ከሌሎች ሁለት ወፍራም ጅማቶች ሥር፣ አጥንቱን ተጠግቶ የተኛ ነው። መተኮስ የሚያድን ይመስል የነበረው የተተኮሰ ፈረስ በቁስሉ ምክንያት ለወራት ሥራ ስለማይነካ ነው፤ የጠቀመው ያ ዕረፍት ነበር። ቆዳን የሚያቃጥሉ ቅባቶችም ከዚህ የተለዩ አይደሉም።

አሁን ወደ ሥራው። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ስላሉ፣ እርምጃውን ከማሳደግዎ በፊት ሐኪምዎ ጅማቱን በአልትራሳውንድ ዳግመኛ እንዲያዩት ይጠይቁ። የመጀመሪያው ምርመራ የተደረገው በጉዳቱ ማግስት ከሆነ የጉዳቱን ሙሉ ስፋት ላያሳይ ይችላል፤ በጅማት ውስጥ ያለ ጉዳት በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ሊሰፋ ይችላልና። ዳግም ምርመራው የከፋ ነገር ካላሳየ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል በእጅዎ ይዘው ያራምዷት፤ በየሳምንቱም አምስት ደቂቃ ይጨምሩ። መሬቱ ደልዳላ፣ ጠንከር ያለና ቀጥ ያለ ይሁን። ጥልቅ አሸዋ፣ ጭቃና ዳገት ቁልቁለት በዚህ ጊዜ አይፈቀዱም፤ ለስላሳ መሬት ለእግሯ የሚራራ ቢመስልም ኮቴዋ እየሰመጠ ተሸካሚውን ጅማት ይበልጥ ይወጥረዋል። በረጅም ገመድ እያዞሩ ማሽከርከርም በጠባብ ክብ ላይ አንዱን ጎን ስለሚያስጨንቅ እስከ መጨረሻዎቹ ወራት ይቆይ።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ ግድም፣ በእያንዳንዱ ዙር ከሠላሳ እስከ አርባ ደቂቃ መራመድ ከቻለችና ምርመራው መሻሻል ካሳየ፣ ኮርቻ ጭነው በእርምጃ ብቻ ሊቀመጡባት ይችላሉ። ብዙ ጋላቢዎች ይህን አይወዱትም፤ ነገር ግን ለሰነፍ ፈረስ ካልሆነ በቀር ከላይ ሆኖ መቆጣጠር ከታች ሆኖ ከመታገል ይሻላል። ሶምሶማ የሚጀመረው በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ወር ነው፤ መጀመሪያ በጠቅላላው ከአምስት ደቂቃ ሳይበልጥ፣ እሱንም በእርምጃ እየከፋፈሉ፣ በቀጥታ መስመር ላይ ብቻ። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ አምስት ደቂቃ ይጨመራል። ቀስ ያለ ግልቢያ ሰባተኛው ወር አካባቢ ይመጣል። መስክ ላይ መልቀቅ ከዚህ በኋላ፣ መጀመሪያ በትንሽ ግቢ ውስጥ ይሁን፤ ዝላይ ከሁሉ በኋላ። ወራቱን የጻፍሁት እንዲዘጋጁበት ነው እንጂ የቀን መቁጠሪያው ብቻውን ወደ ቀጣዩ ደረጃ አያሻግርም። ከእያንዳንዱ ለውጥ በፊት፣ ማለትም ከኮርቻው፣ ከሶምሶማውና ከግልቢያው በፊት፣ ጅማቱ በአልትራሳውንድ ይታይ። ሲታይም በምስሉ ላይ የተጎዳውን ቦታ የሚያሳየው ጥቁር ጉድጓድ ግራጫ ሆነ መባሉ አይብቃዎት፤ በቁመት ሲታይ የክሮቹ መስመሮች ረጃጅምና ተከታታይ ሆነው ይታዩ እንደሆነ፣ ውፍረቱም ካለፈው ምርመራ ጨምሮ እንደሆነ ይጠይቁ። ውፍረቱ ከጨመረ ያለፈው ወር ሥራ በዝቶበታል ማለት ነው።

በምርመራዎቹ መካከል ያሉትን ሳምንታት የሚጠብቅልዎ የራስዎ እጅ ነው። ዘወትር ጠዋት፣ ከእርምጃው በፊት፣ ፋሻው ተፈትቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ በሁለቱም የፊት እግሮች ላይ መዳፍዎን ከላይ ወደ ታች እያሳለፉ ሙቀታቸውን ያነጻጽሩ። ከዚያም የተጎዳውን እግር አንሥተው ጉልበቱን እጥፍ አድርገው ይያዙት፤ እግሩ ሲነሣ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ጅማቶች ይላላሉ። በአውራ ጣትዎና በሌባ ጣትዎ እነሱን ወደ ኋላ ገፋ ሲያደርጉ፣ ከእነሱና ከአጥንቱ መካከል ክብ፣ ጠንካራና ለስላሳ ገጽ ያለው ነገር ያገኛሉ፤ እሱ ተሸካሚው ጅማት ነው። ከላይ ጀምረው በየጣት ስፋቱ በመጠነኛ ኃይል ይጫኑት፤ ዐይንዎ ግን ጣትዎ ላይ ሳይሆን ጆሮዋ ላይ ይሁን። ጆሮዋን ወደ ኋላ ካጠፈች፣ ጡንቻዋን ካኮማተረች ወይም እግሯን ከነጠቀች ቦታውን ያስታውሱት፤ ወዲያውም ቀኙን እግር በዚያው ቦታ በዚያው ኃይል ይጫኑት። አንዳንድ ፈረስ ጤነኛውን እግሩንም ሲጫኑት ይነጥቃል፤ ስለዚህ ያለ ማነጻጸር የተገኘ ስሜት ብዙም አይታመንም። ያገኙትን በአንድ መስመር ጽፈው ያስቀምጡ። በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ ሌላ ሰው በጠንካራ መሬት ላይ በቀጥታ እየሳበ ሲያራምዳት ቆመው ይመልከቱ፤ የሕክምናው ደረጃ ከፈቀደም ጥቂት ርምጃ በሶምሶማ ያሳልፋት። የታመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላት ከፍ ይላል፤ ጤነኛው ሲረግጥ ዝቅ ይላል። የኮቴውን ድምፅ ማድመጥም ይረዳል፤ ከአራቱ አንዱ ለዘብ ብሎ ከተሰማ እግሩን እየቆጠበች ነው።

ሙቀት፣ አዲስ እብጠት ወይም ጥቂትም ቢሆን ማንከስ ካዩ ሥራውን ያቁሙ፤ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ሲቀጥሉም ወደ ቀደመው ደረጃ ተመልሰው ይጀምሩ። የሁለት ሳምንት መዘግየት ያናድዳል፤ ዳግም የተበጠሰ ጅማት ግን ከዜሮ መጀመር ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው በከፋ ጠባሳ መጨረስ ነው።

ስለ ኮቴ አንድ ነገር ልጨምር። ባዝራዋ ሥራ ስለፈታች ኮቴዋን ማስተካከል የሚረሳ ባለቤት ብዙ ነው። የፊቱ ጫፍ እየረዘመ ተረከዙ እየወረደ ሲሄድ በእግሩ የኋላ ጅማቶች ላይ ያለው ጫና ይለወጣል፤ ስለዚህ በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ መስተካከሉ ይቀጥል፤ የኮቴ ባለሙያውም የጉዳቱን ቦታ ከሐኪሙ ይስማ።

ጥያቄ፦ ፈረሴ የጅማት ጉዳት ደርሶበት ጋጣ ውስጥ ዕረፍት ከታዘዘለት ሦስት ሳምንት ሆኖታል። በሩን በእግሩ ይመታል፣ ግድግዳውን ያኝካል፤ ለእርምጃ ሳወጣው በኋላ እግሮቹ ይቆማል። ጅማቱ እንዲጠገን ጥሩ ምግብ ያስፈልገዋል ብዬ የለመደውን እህል ሳልቀንስ እሰጠዋለሁ። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ እህሉን ለመቀነስ የዕረፍቱን ሁለተኛ ቀን እንኳ መጠበቅ አያስፈልግም ነበር። ለሥራ የተሰጠው ጉልበት ሥራ ሲያጣ በሩን ወደ መምታት ይሄዳል፤ በዚያ ላይ የሚጨምረው ክብደት በተጎዳው እግር ላይ ያርፋል። ጅማት ለመጠገን የሚያስፈልገው ፕሮቲንና ማዕድን በጥሩ ድርቆሽና በጥቂት የማዕድንና የቫይታሚን ድብልቅ ይሟላል። የድርቆሹ መጠን በቀን ከሰውነቱ ክብደት ከ1.5 እስከ 2 በመቶ ይሁን፤ ለ500 ኪሎ ግራም ፈረስ ከ7.5 እስከ 10 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ይህን በሁለት ጊዜ ከመስጠት አራትና አምስት ጊዜ ከፋፍሎ፣ ቀዳዳው ጠባብ በሆነ መረብ ማቅረቡ የሚያኝክበትን ሰዓት ያረዝመዋል፤ ግድግዳውንም ያሳርፈዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሆዱ ነው። ይንቀሳቀስ የነበረ ፈረስ በድንገት ሲቆም አንጀቱም ይዘገያል፤ ደረቅ መኖ ትልቁ አንጀት ውስጥ ተከማችቶ ለሆድ ቁርጠት ይዳርጋል። ንጹሕ ውሃ ዘወትር ይኑረው፤ ምን ያህል እንደጠጣም በባልዲ ይለኩ፤ በዚህ መጠን ያለ ፈረስ በቀን ከ25 ሊትር ባላነሰ ይጠጣል። ፋንድያውን በየቀኑ ይመልከቱ፤ ከወትሮው አንሶና ደርቆ ካገኙት፣ ከዚያም ሆዱን ዞሮ ማየትና መሬቱን መቧጠጥ ከጀመረ፣ ሐኪም ለመጥራት እስከ ማታ አይጠብቁ።

በኋላ እግሮቹ የሚቆመውን ፈረስ በተራ ማሰሪያ አያውጡት፤ ልጓም ያግቡለት፤ ጓንትና የራስ ቁር ያድርጉ፤ ጋጣው ውስጥ ሌላ ፈረስ ሊያይ ከቻለም ቦታውን ያመቻቹለት። እንዲህም ሆኖ ካልረጋ ሐኪሙን ማረጋጊያ መድኃኒት ይጠይቁ። አንዳንድ ባለቤት ይህን እንደ ነውር ይቆጥረዋል፤ አንድ ጊዜ ተፈትልኮ የሦስት ወር ጥገናን ከማፍረሱ ግን በጥቂት አሴፕሮማዚን ረግቶ ቢራመድ ይሻላል። ያልተኮላሸ ድንጉላ ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ፤ ይህ መድኃኒት አልፎ አልፎ የድንጉላን ብልት ሽባ ስለሚያደርግ ሌላ ሊመርጡ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ፈረሴ መጠነኛ የጅማት ሕመም አለበት ተብሏል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ውድድር አለን። ፊኒልቡታዞን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ሰጥቼ ብወዳደር፣ ከዚያ ባሳርፈው ምን ይጎዳል?

መልስ፦ ይህን አያድርጉ። መድኃኒቱ ብግነቱንና ሕመሙን ይቀንሳል እንጂ ጅማቱን አያጠነክርም፤ ፈረሱ እግሩን እንዲቆጥብ የሚነግረውን ስሜት ስለሚሸፍን ትንሹን ብጥስ ወደ ትልቅ ይለውጠዋል። በዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ፊኒልቡታዞን በደሙ ውስጥ እያለ መወዳደር የተከለከለ ነው። ከመጠን ሲያልፍ ወይም ከሌላ ተመሳሳይ ማስታገሻ ጋር ሲደረብ ደግሞ ጨጓራን፣ ትልቁን አንጀትና ኩላሊትን ይጎዳል። ቦታው በሕክምናው የመጀመሪያ ቀናት፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ጋጣ ውስጥ ለቆመ ፈረስ ነው። በእነዚያ ቀናት ከመድኃኒቱ ባልተናነሰ የሚረዳው በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ለሃያ ደቂቃ ያህል በበረዶ ውሃ ማቀዝቀዝና፣ በወፍራም ጥጥ ላይ እኩል ጥብቀት ኖሮት የተጠቀለለ ፋሻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የጠበቀ ፋሻ ራሱ ጅማት እንደሚጎዳ አይርሱ።

ጥያቄ፦ የአሥራ ሦስት ዓመት ስንጋ ፈረሴ ከኋላ ቀኝ እግሩ ያነክስ ነበር። ሐኪሞች በማደንዘዣ መርፌ እየፈተኑ ሕመሙ ከተሸካሚው ጅማት የላይኛው ክፍል መሆኑን ለዩ። ስድስት ወር አሳረፍሁት፤ ሥራ ሲጀምር ተመለሰበት። አሁን የድንጋጤ ሞገድ ሕክምና (ኃይለኛ የድምፅ ሞገድ ከቆዳ ውጭ ወደ ጅማቱ የሚልክ)፣ ካልሆነም ቀዶ ሕክምና ቀርቦልኛል። ሌሎች ደግሞ ከራሱ ደም ወይም ከግንደ ሕዋስ (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ ከሚችል ሕዋስ) የሚዘጋጅ መርፌ ይሻላል ይላሉ። የፊት እግሩ ቀድሞ በዕረፍት ብቻ ድኖ ስለነበር ግራ ገብቶኛል።

መልስ፦ ግራ መጋባትዎ ተገቢ ነው፤ ስሙ አንድ ቢሆንም የፊትና የኋላ እግር ጉዳት አብረው አይሄዱም። የፊት እግር ላይ ጅማቱ ከላይኛው ጫፍ ሲጎዳ አብዛኞቹ ፈረሶች በዕረፍትና በተመጠነ እርምጃ ወደ ሥራ ይመለሳሉ፤ በኋላ እግር ላይ ግን፣ በተለይ ሕመሙ ከቆየ፣ በዕረፍት ብቻ የሚመለሱት ጥቂቶቹ ናቸው። ምክንያቱ ቦታው ነው። በኋላ እግር የጅማቱ መነሻ በሦስት አጥንቶችና ከላይ በተዘረጋ ጠንካራ ሽፋን መካከል በጠባብ ቦይ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲያብጥ የሚሰፋበት ስለሌለው በአጠገቡ ያለውን ነርቭ ይጨቁናል። ፈረሱ ሲያርፍ ጫናው ይቀንሳል፤ ሥራ ሲጀምር ይመለሳል። እርስዎ ያዩት ይህንን ይመስለኛል።

የድንጋጤ ሞገድ ሕክምና በአብዛኛው በሁለትና በሦስት ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ ቆዳ አይቆርጥም፤ እንደ መነሻ መሞከሩን እደግፋለሁ። ማስጠንቀቂያው አንድ ነው፤ ከተሰጠ በኋላ ለጥቂት ቀናት ሕመም ስለሚያደነዝዝ በእነዚያ ቀናት ፈረሱ ደህና መስሎ ቢታይ ሥራ አይጨመርበት። ከራሱ ደም የሚዘጋጀው በፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ በሚያግዙ ጥቃቅን የደም ክፍሎች) የበለጸገ ፕላዝማና ከአጥንት መቅኔ ወይም ከስብ የሚወጡት ግንደ ሕዋሳት የተሻለ ትርጉም የሚኖራቸው በአልትራሳውንድ ላይ ጎልቶ የሚታይ ጉድጓድ ወይም የተበጠሰ ቅርንጫፍ ሲኖር ነው። እንደርስዎ ፈረስ ዋናው ችግር የቆየ ውፍረትና የነርቭ ጭቆና ሲሆን ብዙ አልጠብቅባቸውም። በጅማት ሕክምና ላይ ያላቸው ማስረጃ አሁንም የተለያየ ነው፤ ከሁሉም መርፌዎች አንዳቸውም ቢሆኑ የመልሶ ማቋቋሚያውን ወራት አያሳጥሩም። ኮርቲኮስቴሮይድ የሚባለው ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት በጅማቱ ዙሪያ ሲወጋ ሕመም ያበርዳል፤ ጅማቱ ውስጥ ሲገባ ግን ፈውሱን ሊያዳክምና ካልሲየም እንዲጠራቀምበት ሊያደርግ ስለሚችል እሱን የሚያቀርብልዎት ሰው ካለ ምክንያቱን ይጠይቁ።

ቀዶ ሕክምናው ጅማቱን የሚያስጨንቀውን ሽፋን መሰንጠቅና የተጨቆነውን የነርቭ ቅርንጫፍ ቆርጦ ማውጣት ነው። ሌላ የማንከስ ምክንያት በሌለባቸው ፈረሶች ላይ በታተሙ ዘገባዎች ከአራት ሦስቱ ገደማ ወደ ሙሉ ሥራ ተመልሰዋል፤ ይህ ዕረፍት ብቻውን ከሚሰጠው ተስፋ እጅግ የተሻለ ነው። «ሌላ ምክንያት በሌለባቸው» የሚለው ግን ቀላል ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የኋላ እግር የጅማት ሕመም ያለባቸው ብዙ ፈረሶች የዳሌ መጋጠሚያቸውም አብሮ ይታመማል፤ ስለዚህ ከውሳኔው በፊት ጀርባውና ዳሌው ይመርመር፤ በግራው የኋላ እግርም ማደንዘዣው ይሞከር፤ ሕመሙ በሁለቱም ላይ ኖሮ የባሰው ብቻ ጎልቶ ሊታይ ይችላልና። ከውድድር ሐሳብ ጋር ከሆነ ነርቭ ስለተቆረጠበት ፈረስ የሚወዳደሩበት ፌዴሬሽን ምን እንደሚል በጽሑፍ ያጣሩ።

ቀዶ ሕክምናውን ፈጽሞ የማልመክርበት ሁኔታም አለ። የኋላ እግሩ መታጠፊያ ከተፈጥሮው ቀጥ ያለ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ከወትሮው ወደ መሬት የወረደ ፈረስ ጅማቱ በራሱ እየላላ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ላይ የሕመም ስሜቱ ሲወገድ ፈረሱ ያለ ቁጥብነት እየረገጠ ጅማቱን እስከ መጨረሻው ያፈርሰዋል። ስንጋዎን በደልዳላ መሬት ላይ አራቱንም እግሮቹን እኩል አስረግጠው ከጎኑ ፎቶግራፍ ያንሡት፤ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት የተነሣው ካለም አብረው ይዘው ለቀዶ ሐኪሙ ያሳዩ። ቁርጭምጭሚቱ በእነዚያ ዓመታት መካከል ዝቅ ብሎ ከተገኘ ቢላው ይቅርና ፈረሱ በእርምጃና በቀላል ሶምሶማ ሊኖር የሚችልበትን መንገድ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩ።